ሦስተኛዋ አንባቢ

ሥራ ሲቀንስለት የሚደነግጥ ሰው ብዙ አይገኝም። ሚዛን ግን ደነገጠች። ሌላው ሰው ቢሆን «እሰይ፣ ትንሽ ልተንፍስ» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሻዩን ይጠጣ ነበር፤ እሷ ባዶውን የስላይድ ሳጥን እየከፈተች፣ እየዘጋች፣ ደግሞ እየከፈተች ግማሽ ቀን ስትብሰለሰል ዋለች።

ሚዛን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የቤተ ሙከራው ሰዎች ናቸው የለጠፉባት፣ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በንዴት። አንዲት ባልደረባዋ ፀጉሯን ተቆርጣ መጥታ «እንዴት ነው?» ብትላት፣ ዞር ዞር ብላ አይታ «ከኋላ ጥሩ ነው፤ ከፊት አበላሽቶሻል» አለቻት። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም። እንግዲህ ሰው ሲጠይቅ መልስ የሚፈልግ የሚመስላት ፍጡር ናት፤ ምን ይደረግ!

ሥራዋ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ ለሚኖር ጥገኛ ተውሳክ አዲስ መድኃኒት ተሠርቶ በሕሙማን ላይ እየተሞከረ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት ሰዎች ጣት ላይ ጠብታ ደም ይወሰድና ስላይድ በሚባለው ስስ መስታወት ላይ ይቀባል፤ ይደርቃል፣ ሐምራዊ ቀለም ይጠጣል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ተውሳኩ አለ ወይስ የለም? ጥያቄው ይህቺው ናት። ነገር ግን ዓይን ይደክማል፣ የቀለም ፍርፋሪም ተውሳክ መስሎ ያታልላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስላይድ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው፣ ሳይነጋገሩ፣ የማን ደም እንደሆነ ሳያውቁ ያነቡታል። ከተስማሙ አለቀ። ካልተስማሙ ስላይዱ ወደ ሦስተኛ አንባቢ ይሄዳል፤ የሦስተኛው ቃል የመጨረሻ ነው። ሦስተኛዋ አንባቢ ሚዛን ነበረች።

ሁለቱን አንባቢዎች ሰው ሁሉ መንትዮቹ ይላቸዋል። ዝምድናም መልክም አያገናኛቸውም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። መንትዮች ያሰኛቸው በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ በአንድ ጠረጴዛ በልተው፣ በአንድ ቀልድ እኩል መሳቃቸው ነው። ሰው የማይጠላቸው ደጋጎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልተስማሙባቸው ስላይዶች እየተጠራቀሙ ሚዛን ጠረጴዛ ላይ ይደረደሩ ነበር። በኋላ ቀነሱ። ከዚያ ጭራሽ ጠፉ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰሯ «ልጆቹ እጃቸው ተፍታታ» ብለው ደስ አላቸው። ሚዛን ግን አልተዋጠላትም። እንኳን ሁለት አንባቢ፣ ባልና ሚስትም እስከዚህ አይስማማም! አስፈቅዳ መንትዮቹ ተስማምተው የዘጓቸውን ሳጥኖች ከመደርደሪያ አወረደችና አንድ በአንድ ታነብ ጀመር። ሁለቱም «የለም» ካሏቸው ውስጥ ተውሳክ ያለባቸው ስላይዶች ወጡ። አንድ ሁለት ቢሆኑ ደግ ነበር፤ ሰው ነውና ይሳሳታል። ነገር ግን ለየብቻው የሚሳሳት ሰው አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ነው የሚስተው። እነዚህ ተቃቅፈው ነበር የወደቁት። አጭሩ በሳተበት ሁሉ ረጅሙም ስቷል።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከመችም። በንባብ ክፍሉ በር በኩል ስታልፍ ጆሮዋ ሰማ።

«ይሄ ባዶ ነው መሰለኝ፣ አይደል?»

«ባዶ ነው ባክህ፣ እለፈው።»

ክፋት አልነበረበትም። መድኃኒቱን የሠራው ኩባንያ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር፤ ስላይዱ ከአቅም በላይ መጣ፤ ዓይናቸው ቀላ፤ ወገባቸው ተቆረጠ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች ሲደክማቸው ምን ያደርጋሉ? ያወራሉ። እንዲህ ሆኖ ሁለት አንባቢ የነበረው ሳይታወቅ አንድ ሆነ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መንትዮቹን ለብቻቸው ጠራ አድርጋችሁ፣ ሳቅ ፈገግ እያላችሁ፣ «ኧረ እናንተ ልጆች» ትሏቸዋላችሁ። ወይም ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገብታችሁ ታንሾካሹካላችሁ። ሚዛን ግን የሳምንቱን ስብሰባ ጠበቀች፤ የሥራ ጉዳይ የሚነገረው በሥራ ስብሰባ ነው ብላ። የዚያን ዕለት ደግሞ ከኩባንያው የመጡ እንግዶች ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰሯ «ሌላ የሚነሳ ነገር ካለ?» ሲሉ እጇን አወጣች።

«መንትዮቹ እየተነጋገሩ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ሁለት አንባቢ የለንም፣ አንድ ነው ያለን። እሱም ተሳስቷል። ስላይዶቹ እንደገና መነበብ አለባቸው።»

የአጭሩ ፊት ደም መሰለ።

«በእንግዳ ፊት ውሸታም ልትይን ነው?»

«ውሸታም አላልኩም። ተሳስታችኋል ነው ያልኩት።»

«ምን አደረግንሽ? ንገሪን እስቲ፣ ምን በደልንሽ?»

«እኔን ምንም አልበደላችሁኝም» አለች ግራ ገብቷት። «የበደላችሁት ስላይዶቹን ነው።»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ነገሩን አላበረደውም፤ ይባስ አጋለው።

ይሉኝታ ለሌላው ሰው ከእናት ጡት ጋር ትመጣለች። ለሚዛን ግን እናቷ ናት እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ያስጠናቻት። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች። ትንሽዬዋን ልጅ ከስፌት መኪናው አጠገብ ታቆምና ደንበኛ በገባ ቁጥር በክንዷ ጎሸም ታደርጋታለች፦ ዓይኑን እዪው፣ ልጆች ደህና ናቸው በይ፣ መልሱን ሳይጨርስ ጥለሽው አትሂጂ። ልጅቷ ሁሉንም አጠናች። በዩኒቨርሲቲውም፣ በሁለተኛ ዲግሪውም፣ በዶክትሬቱም ያለፈችው በዚሁ ጥናት ነው። ቀን ሙሉ ፊቷን ስታስተካክል፣ ድምፅዋን ስትለካ ትውልና ማታ ቤቷ ገብታ መብራት አጥፍታ ወለል ላይ ትዘረጋለች። ያላስጠኗት ነገር ሲመጣ ግን፣ እንደዚያ ስብሰባ ዕለት፣ ባዶ እጇን ትቀራለች።

የዚህን ነገር ስም ያወቀችው ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ የድምፅ ማጉያው ሲጮህ፣ ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ሲያወራ፣ ጆሮዋን ይዛ ደረጃ ሥር ተደብቃ ተገኘች። ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ብዙ ጠየቋት፣ እናቷንም አስጠርተው ስለ ልጅነቷ ጠየቁ፤ በመጨረሻ ኦቲዝም ነው አሏት። ሚዛን ደስ አላት። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት! ዕድሜ ልኳን ክፉ፣ ደረቅ፣ ልበ ድንጋይ ስትባል ኖራ፣ አለመሆኗን የሚናገር ሰው አገኘች። እናቷ ግን ከሐኪሟ ቢሮ እንደወጡ ክንዷን ጨብጣ «ይህቺ ነገር እኔና አንቺ ጋ ትቅር» አለቻት። ቀረች።

ከስብሰባው በኋላ ፕሮፌሰሯ ሚዛንን ቢሮ አስጠሯት። የሚዛን ቅጥር በዓመቱ መጨረሻ ያልቅ ነበር። አንድ ቋሚ የተመራማሪ ቦታ ተከፍቷል፤ እሱን ካላገኘች ሌላ የትም የለም፣ በዚህ ሙያ ያለው በር ጥቂት ነው። ካላገኘች ማይክሮስኮፑን ደህና ሁን ብላ የእናቷን አዝራር መትከል ነው የሚቀራት።

«ቦታው ላንቺ ተሰፍቶ የመጣ ነው» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ግን ወሬው ኮሚቴው ጋ ደርሷል። ትዕቢተኛ ናት ይላሉ። ቅናት ነው ይላሉ። መንትዮቹን ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ምን ይጎዳሻል?»

«ይቅርታ ከጠየቅኩ ስላይዶቹ ይነበባሉ?»

«ስለ ስላይድ አላወራሁም፣ ልጄ።»

«እኔ ስለ ስላይድ ነው የማወራው።»

ፕሮፌሰሯ ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሹ። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ ይወዷታል እንኳ። ነገር ግን ኩባንያው ውጤቱን እየጠበቀ ነው፣ የቤተ ሙከራው መብራትም ማሞቂያውም የሚበራው በኩባንያው ነው።

«ክፉ ልጅ እንዳልሆንሽ እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ግን እሱን ለሰው እንዴት ብዬ ላስረዳው?»

ይህቺ ጥያቄ ሚዛን ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ማስረጃው እጇ ላይ አለ እኮ! ማንም በወረቀት አልጠየቃትም፣ የመናገር ግዴታም የለባትም። ብትናገር ግን ከክፋት እንዳላደረገችው ያውቃሉ፤ ክፋት ከሌለ ደግሞ የሚቀረው ስላይዱ ብቻ ነው። ያኔ ሳይወዱ በግዳቸው ስላይዱን ያያሉ። የምርምር ሰው ጣጣው ይኼ ነው። የጎደለ መረጃ ሲሞላ ሰው ሁሉ ስሌቱን ከመጀመሪያው የሚሠራ ይመስለዋል።

በበነጋታው ወደ እናቷ የስፌት ክፍል ሄደች። እናቷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ታቅፋ ከንፈሯ ላይ መርፌ ደርድራ ትሰፋ ነበር።

«እማዬ፣ ኮሚቴው ፊት ልናገር ነው።»

መኪናው ቆመ። «ምኑን?»

«ሐኪሟ ያሉትን።»

እናቷ መርፌዎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካች።

«አብደሻል? ይህን ሁሉ ዘመን ደብቄ ያሳደግኩትን?»

«ትዕቢተኛ ናት ይሉኛል።»

«ይበሉሻ! ትዕቢተኛ ብትባዪ ይሻልሻል። ትዕቢተኛን ሰው ይጠላል እንጂ ይሰማዋል።» እናቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ አፍሬብሽ አይደለም የደበቅኩት፣ ይሄን እወቂልኝ። ሰውን ስለማውቀው ነው። አንዴ ካወቁ በኋላ እኮ ስታስነጥሺም በእሱ ምክንያት ነው ይላሉ።»

«ማስነጠስ ከእሱ ጋር አይያያዝም።»

እናቷ ሳቋ መጣባት። እየሳቀች እያለቀሰች የልጇን ጉንጭ በመዳፏ ያዘች፤ ሚዛን ሲነኳት እንደማትወድ ታውቃለችና ወዲያው ለቀቀቻት። «ስለ እናትነቴ ብለሽ ተይ» አለቻት። «በሞቴ።»

ሚዛን ወጣች። መንገዱን በእግሯ ነው የሄደችው፤ አውቶቡሱ ጫጫታ ነው። እናቷን ማሳዘኗ አንጀቷን በላው። ግን ሌላውንም አሰበች። ስላይዶቹ ከሰው ጣት የመጡ ናቸው። ተውሳኩ ደሙ ውስጥ እያለ ድነሃል ተብሎ ወደ ቤቱ የተሸኘ ሰው አለ፤ ይቆይ እንደሆነ እንጂ ትኩሳቱ ይመለስበታል። እንዲህ ብላ ቆረጠች፦ ስለ ስላይዱ ብቻ ከጠየቁኝ ስለ ስላይዱ ብቻ እመልሳለሁ። ለምን በሰው ፊት ተናገርሽ ካሉኝ እውነቱን እናገራለሁ። ሌላ መልስ የላትም፤ መዋሸት ደግሞ አታውቅበትም።

የቃለ መጠይቁ ክፍል ረጅም ጠረጴዛ ነበረው። ሰብሳቢው ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ በአንድ ጎናቸው ፕሮፌሰሯ፣ በሌላው ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች። ጣሪያው ላይ ያለው የፍሎረሰንት መብራት ይዝዝ ነበር፤ ከእሷ በቀር የሰማው ያለ አይመስልም። ስለ ጥናቷ ጠየቋት፤ እንደ ውሃ አወረደችው። ከዚያ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሥራሽን ማንም አይጠረጥረውም። ግን ባልደረቦችሽን በእንግዳ ፊት ያዋረድሽበት ምክንያት ምንድን ነው? ከአንባቢዎቹ አንዱን ጠርተን ልናነጋግር አስበናል። መጀመሪያ ከአንቺ እንስማ።»

ጠየቋት እንግዲህ።

«ኦቲዝም አለብኝ» አለች። «ሰው በሚቀየምበትና በማይቀየምበት አነጋገር መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ አይታየኝም። ላዋርዳቸው አልፈለግኩም። ስላይዶቹ ስህተት አለባቸው፣ እሱን ነው የተናገርኩት።»

ቀጥሎ የሆነውን ሚዛን አልጠበቀችውም። ክፍሉ ሞቀ። የሰብሳቢው ፊት ለሰለሰ፤ «የእህቴ ልጅ እኮ» ብለው ጀምረው ስለ እህታቸው ልጅ ብዙ አወሩ። አንደኛዋ የኮሚቴ አባል ከንፈሯን መጠጠች። ፕሮፌሰሯ መሐረባቸውን አወጡ፤ «ለምን ሳትነግሪኝ፣ እኔ እናትሽ አይደለሁም?» አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠላበት የኖረችው ነገር በአንድ አፍታ ተፋቀላት። ሚዛን ትከሻዋ ሲቀልላት ተሰማት፤ እናቴ ተሳስታለች፣ ሄጄ እነግራታለሁ ብላ አሰበች።

«ስላይዶቹስ?» አለች። «የውጭ አንባቢ ያንብባቸው።»

«እሺ የኔ እናት» አሉ ፕሮፌሰሯ ለስለስ ብለው። ሰብሳቢውም «እሱን አሁን ተረድተነዋል፤ አትጨነቂበት» አሉ። እናቷ ብዙ ዓይነት እሺ አስጠንታታለች፤ የእምቢታውን እሺ፣ የይሉኝታውን እሺ፣ የቆይታውን እሺ። ይኼኛው ግን አዲስ ነበር፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት ወጣች።

ሥራውን አገኘች። ቋሚ ተመራማሪ! በኮሪደሩ መጨረሻ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት፤ የሚዝዘው መብራት ተነቅሎ ለዓይን የማይከብድ አምፖል ገባላት፣ በሩ ላይ «እባክዎ በቀስታ» የሚል ተለጠፈ። ስብሰባ መግባት ቀረላት፣ እንዳትጨነቅ። መንትዮቹ አበባ ይዘው መጡ፤ አጭሩ ሳያስፈቅድ አቀፋት፣ «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪን፣ አንቺን ማን ይቀየማል!» አላት። የሦስተኛ አንባቢነቱ ሥራም ተነሳላት፣ ጫና እንዳይበዛባት። ለማን ተሰጠ? ለአጭሩ። ከአንባቢነት አንስተው በእሱ ቦታ አዲስ ሰው አስገቡ፤ እሱን ዳኛ አደረጉት። ጉድ እኮ ነው!

ሚዛን ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባች።

«ስላይዶቹን ማን አነበባቸው?»

«ኮሚቴው ነገሩን አይቶ ዘግቶታል። አየሽ፣ እኔም ሰሞኑን ስለ ጉዳዩ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ላይ ተጣብቆ መቅረት የዚሁ ጠባይ ነው ይላል። ጥፋትሽ አይደለም።»

«ተውሳኩም የእኔ ጠባይ ነው?»

ፕሮፌሰሯ ትንሽ ደነገጡ። «እንደሱ አላልኩም። ግን ምናልባት ዓይንሽ ከሌላው ሰው ለየት አድርጎ ያይ ይሆናል።»

«ከሆነ ሦስተኛ አንባቢ ያደረጋችሁኝ ለምን ነበር?»

«ያን ጊዜ አናውቅም ነበራ!»

ይህን ያሉት በደግነት ነው። ድምፃቸው ውስጥ ቅንጣት ክፋት አልነበረም፤ ቢኖርበት ለሚዛን ይሻላት ነበር፤ ከክፋት ጋር ክርክር ይገጠማል። ለደግነት ምን ይባላል? ክፍሏ ተመልሳ በሩን ዘጋች። እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስትወዛወዝ ዋለች። ድሮ ቢሆን ሰው ያየኛል ብላ ትፈራ ነበር። አሁን ቢያዩዋትም የሚደነቅ የለም።

ስለ ስላይዶቹ ለኩባንያው ጻፈች። መልስ ከኩባንያው ሳይመጣ ፕሮፌሰሯ በሩን በቀስታ አንኳኩተው ገቡ፤ «ደውለውልኝ ነበር፤ ሁሉንም አስረድቻቸዋለሁ። አይዞሽ፣ ማንም አልተቀየመሽም» ብለዋት ወጡ። ምርምሩን ለሚቆጣጠረው ቦርድም ጻፈች። ቦርዱም ለፕሮፌሰሯ ደወለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ረጅሙ ብቻውን መጣ። ያለ አጭሩ ሲታይ ግማሽ ሰው ይመስላል። በሩን ዘግቶ ቆመ፤ ቁጭ በል ብትለውም አልተቀመጠም።

«እንነጋገር ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ስናነብ። እውነትሽን ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ሚዛን። «ለፕሮፌሰሯ ንገራቸው።»

«ኮሚቴው ሊጠራኝ ነበር፣ ያን ቀን። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ነበር። ከጠየቁኝ ልናገር ቆርጬ ነበር፣ በልጆቼ ይሁንብኝ።» ወደ ኮሪደሩ ዞር ብሎ አየ። «ከዚያ አንቺ ወጣሽ። ፕሮፌሰሯ ተከትለውሽ ወጥተው፣ አታስፈልግም፣ ነገሩ ገብቶናል፣ ልጅቷ ስላመማት ነው ብለው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ።»

ነገሩ ለሚዛን ዘግይቶ ገባት። ዝም ብትል ኖሮ ይጠሩት ነበር። ቢጠሩት ይናገር ነበር።

«አሁንም መናገር ትችላለህ» አለችው።

«አሁንማ ማን ይጠይቀኛል?» አለና የበሩን እጀታ ያዘ። «እኔም እንጀራዬ ነው፣ እህቴ። ማሪኝ።»

ውጤቱ ታተመ። መድኃኒቱ በተመረቀ ዕለት ትልቅ አዳራሽ ተከራይተው፣ የኩባንያው ሰዎች ከረባታቸውን አሳምረው፣ ጋዜጠኛው ካሜራውን ተክሎ፣ ሰው ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮፌሰሯ ሚዛንን ቀድመው ለምነዋት ነበር። «ስለ ራስሽ ትንሽ ተናገሪ፤ እንዳንቺ ላሉት ተስፋ ይሆናል» ብለው። ሚዛን እሺ አለች። ተስፋ ለመስጠት አልነበረም እሺ ያለችው፤ ማይክሮፎን ስለሚኖር ነው። እናቷ ለራሷ አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

መብራቱ ዓይኗን ወጋት። የአዳራሹ ጉምጉምታ ጆሮዋ ውስጥ እንደ ንብ ይጮሃል። የማይክሮፎኑን አንገት በሁለት እጇ ያዘች።

«ኦቲዝም አለብኝ» አለች።

አጨበጨቡ። እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«በዚህ ምርምር ሦስተኛዋ አንባቢ እኔ ነበርኩ።»

አሁንም አጨበጨቡ።

«መድኃኒቱ ሁሉንም ሰው አያድንም። ሁለቱ አንባቢዎች ይነጋገሩ ነበር። የለም ብለው በዘጓቸው ስላይዶች ውስጥ ተውሳክ አይቻለሁ። ድናችኋል የተባሉት ሰዎች...»

ፕሮፌሰሯ ተነስተው በቀስታ ትከሻዋን አቀፉና ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አሉ። «እንዲህ ናት የእኛ ሚዛን! እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጠያቂ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የፍቅር ሳቅ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ብድግ አለ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ሚዛን የማያጨበጭብ ሰው ፈለገች። የኩባንያው ሰዎች ያጨበጭባሉ፣ ሰብሳቢው ዓይናቸውን እየጠረጉ ያጨበጭባሉ። ረጅሙም ጫማውን እያየ ያጨበጭባል።

ከመድረክ ስትወርድ እናቷ እየሮጠች መጣች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ፈርቼ ነበር እኮ! እንዴት እንደፈራሁ! ወደዱሽ ልጄ፣ አየሽ፣ ሰው ሁሉ ወደደሽ።»

«እማዬ፣ ያልኩትን ሰማሽ?»

«ሰማሁ እንጂ!»

«ስለ መድኃኒቱ ያልኩትን?»

እናቷ የልጇን የሸሚዝ ኮሌታ አቃናች። «ሰማሁ የኔ ቆንጆ። ግን ሐኪሟ ነግረውን የለ? አንድ ነገር ከያዘሽ አይለቅሽም። ተይው በቃ። ፕሮፌሰሯም አስረድተውኛል።»

ተያይዘው ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ የኩባንያው ሠራተኞች ለወጪው እንግዳ ሁሉ ከአዲሱ መድኃኒት አንድ አንድ ማሸጊያ ያድሉ ነበር። እናቷ አመስግና ተቀበለችና ለክፉ ቀን ይሆነናል ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።